ወፏ የጠራችው ስም

ጠርጣራ ነሽ ይሉኛል። ነኝ! ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይባላል። ስለዚህ የከተማይቱን ስም አልነግራችሁም፤ የማወራላችሁ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ናቸው። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የቆርቆሮ ቤቷ ጥቂት፣ ጭቃዋ ብዙ የሆነች መንደር ነበረች ልበልና ልለፍ። ትምህርት ቤት ነበራት። ዘመኑ የጃንሆይ ነው።

ቤታችን ከዚያች ከተማ ግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፤ በስማዳ በኩል ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ አክስታችን ዘንድ ተጠግተን ነበር የምንማረው። አባቴ እኔን ለትምህርት የለቀቀኝ በስንት ልመና ነው። የሰው ልጅ ጠልፎ ማግባት ጀግንነት በሆነበት አገር፣ ጡቷ ያጎጠጎጠ ልጅ ብቻዋን መንገድ ላይ መታየት የለባትም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድምሽ እዚያ እስካለ አንቺም ትኖሪያለሽ። እሱ የወጣ ዕለት አንቺም ወጣሽ፤ ያን ቀን ልቅሶ አልሰማም።» እሺ አልሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

ትምህርት ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ እውነቱን ልናገር። ካርታ ላይ የወንዞችን ስም በዘንግ እየነካሁ ጮክ ብዬ ስጠራ የሚሰማኝን ደስታ ሠርጌም ላይ አላገኘሁትም። ሴቶች በጣም ጥቂት ነበርን። ወንዶቹ «ቄስ ልትሆኝ ነው ወይስ ዳኛ?» እያሉ ይተርቡናል። እኔ መልስ አላጣም፤ «አንተ ሰው ከሆንህ እኔ ዳኛ መሆን ያቅተኛል?» እለዋለሁ።

ዲሬክተሩ ከሩቅ አገር የመጣ፣ በግንቦት ሐሩር እንኳ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ያኔ አንቱ ብዬዋለሁ፤ አሁን ግን አልለውም፣ ይቅር በሉኝ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጎረምሳ ቡድን። ከዚህ በፊት የነበረበትን ከተማ ዱርዬ እንዴት እንዳመሰው በሰልፍ ላይ ሳይነግረን የዋለበት ቀን የለም። መድኃኒቱንም አውቄዋለሁ ይል ነበር። «ጎረምሳ ሥራ ሲፈታ ይወነብዳል፤ ሥልጣን ስጡት፣ ጨዋ ይሆናል» ብሎ ከከተማይቱ ልጆች መካከል ጉልበተኞቹን፣ ክፉዎቹን መረጠና ሥርዓት አስከባሪ አደረጋቸው። ልጣጩ የተላጠ፣ ልክክ ያለ ዱላ አሲይዞ አሰማራቸው። እኛ «ባለዱላ» እንላቸው ነበር። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይኸው ነው።

የገጠር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየቤታችን እንሄድና እሑድ ለሳምንት የሚሆን ስንቅ ይዘን እንመለሳለን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ሽሮ። ከከተማይቱ በታች ወንዝ አለ። ባለዱላዎቹ መሻገሪያው ላይ መቆም ጀመሩ። «ፍተሻ!» ይላሉ። «ቢላ ይዘሃል? ሲጃራ ይዘሃል?» ዲሬክተሩ አዞናል ነው የሚሉት። ስልቻ ይፈታሉ፣ እጃቸውን ይሰዳሉ። መጀመሪያ ጭብጥ ቆሎ ነበር። ኋላ ግማሽ ስልቻ ሆነ። የእናቴን ዳቦ ከእጄ ነጥቀው ዓይኔ እያየ ሲገምጡት የተናደድሁት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፣ ያነቃቸው!

አቤት ያለ ልጅ በማግሥቱ «ሰልፍ አበላሽ» ተብሎ ይወጣል። አንዱ ባለዱላ ያዝለዋል፣ ዲሬክተሩ ከባንዲራው ሥር በአለንጋ ይገርፈዋል። ሴትም ብትሆን እጇን ዘርግታ ትመታለች እንጂ አትቀርም። እኔም ስለዚያ ዳቦ አቤት ብዬ ዲሬክተሩ ክንዴን በአለንጋ ተልትሎኛል። ባለዱላዎቹ ያሉትን እንጂ እኛ ያልነውን ጠይቆ አያውቅም። ለአባቴ ደግሞ አልነገርሁም። ብነግረው ውጪ እንደሚለኝ አውቃለሁ።

በዚህ መካከል ወንድሜ ተለወጠብኝ። አንድ ቀን ከአክስቴ ቤት ክዳን ውስጥ ሽመል ሲያወጣ አየሁት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ወንድማለም?»

«ለውሻ ነው።»

«ለየትኛው ውሻ?»

«ለሚናከሰው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደግሞ የስማዳ ልጆች ከአጥር ጀርባ እየተሰበሰቡ መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ብቅ ስል ስለ ገና ጨዋታ ያወራሉ። በግንቦት ፀሐይ ማን ገና ይጫወታል? ሞኝ መሰልኋቸው። ወንድሜን ለብቻው ይዤ «አንድ ነገር ብታደርግና ብትባረር የምወጣው እኔ ነኝ፣ አስበህበታል ወይ?» አልሁት። «እታለም፣ አንቺ ፊደልሽን ቁጠሪ» አለኝ። ወንድም እንዲህ ካለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ወንዙ ጋ ስንደርስ የስማዳ ልጆች በአንድነት መጡ። ትንንሾቹን መሐል አድርገው፣ ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። ወንድሜ ከፊት ነው። ባለዱላዎቹ እንደ ልማዳቸው «ፍተሻ!» አሉ።

«ዛሬ እኛ እንፈትሽ» አለ ወንድሜ።

ወዲያው ዱላ ከዱላ ተጋጨ። የአንዱ ባለዱላ ግንባር ተፈነከተ፣ ሌሎቹ ዱላቸውን እየጣሉ ወደ ከተማ ሸሹ። ትንንሾቹ ጨፈሩ። እኔም እልል ብያለሁ፤ ምን ይደረግ፣ የዳቦዬ ነገር! እልልታዬን ሳልጨርስ ግን የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። አለቀልኝ አልሁ።

ሰኞ ዲሬክተሩ ሰልፍ ላይ ወጥቶ «የወንበዴ ማኅበር ተቋቁሟል!» ብሎ ጮኸ። ባለዱላዎቹ ጣታቸውን ወደ ወንድሜ ቀሰሩ። ወላጅ ሁሉ በዓርብ እንዲመጣ፣ የማኅበሩ አለቃ በወላጅ ፊት ተገርፎ እንዲባረር ተወሰነ። ያን ዕለት ወንድሜ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፦ «በአባቴ ፊት ከተገረፍሁ እዚህ አገር አልቀመጥም።» አለመቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ጫካ ነው። እሱ ጫካ፣ እኔ ጓዳ።

ዓርብ ዕለት ገበሬው ገበያውን ትቶ መጥቶ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሞላው። አባቴም ጋቢውን ደርቦ፣ ከዳር ተቀመጠ። ወደ እኛ አልመጣም፣ ከሩቅ ነው የተመለከተን። ዲሬክተሩ ተነሥቶ ስለ ዱርዬ ቡድን ብዙ ተናገረ። «ዛሬ ያልተገረፈ ነገ ይሰቀላል! እናንተም ቤታችሁ ትገርፋላችሁ» አለ። አንዱ ገበሬ «እውነት ነው፤ ዓይኑን ብቻ አትንኩብኝ እንጂ ሌላውን እንደ ፈለጋችሁ ብዬ ነው የሰጠሁ» አለ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ያን ጊዜ ግብረ ገብ የሚያስተምሩን መሪጌታ ተነሡ። ከጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ለእኔ ዝምተኛ ሰው አይጥመኝም። ደግሞም በቄስ ትምህርት ቤት ሳሉ አለንጋቸው ከድምፃቸው በላይ የታወቀ ነበር ይባላል። ስለዚህ እሳቸውም ሊያስገርፉ ነው ብዬ ነበር።

«እኔ ብዙ ገርፌአለሁ» አሉ። «ገርፌ ሊቅ ያደረግሁት አንድ ልጅ አላስታውስም። ገርፌ ያሸፈትሁት ግን አለ። እናቱ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።»

«የኔታ፣ ይኼ የቄስ ትምህርት ቤት አይደለም!» አለ ዲሬክተሩ።

«አዎን፣ አይደለም። እዚያ እንኳ ገራፊው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እዚህ ብዙ ነው።»

ሰዉ ጉርምርም አለ። ባለዱላዎቹ ምስክርነት ለመስጠት ሲነሡ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «የባላንጣ ምስክር አይሰማም! የተፈነከተው ወገን ቢናገር ማን ያምነዋል? አውጫጭኝ ይባል!» አለ። ዙሪያው ሁሉ «ይባል! ይባል!» አለ።

አውጫጭኝ የአገራችን ሕግ ነው። በሬ ሲሰረቅና ሌባው ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው ሳይወጣ የሚያርስ፣ ቤቱ የሚገባ የለም። አንድ የታመነ ሽማግሌ ገለል ብሎ ይቀመጥና ሰዉ ተራ በተራ እየሄደ፣ እየማለ፣ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። የነገረው ሰው ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ስሙ «ወፍ» ነው። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ወፏ የተናገረችውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር ግዴታው ነው።

ዲሬክተሩ ነገሩ ደስ አለው። ስንቱ ሰው ወንድሜን ሲደባደብ አይቶታል፤ ሕዝብ ራሱ አውጥቶ ከሰጠው ማን ይወቅሰዋል? ሽማግሌዎቹ መሪጌታን ሰሚ አደረጉ። ዲሬክተሩም «መልካም፤ ጥያቄውን ግን እኔ ነኝ የማወጣው፣ ከእሱ ውልፍት የለም» አለና ጮክ ብሎ አስደገማቸው፦ «ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ልጅ እየጠበቀ የሚያስፈራራው ቡድን አለቃው ማን ነው?»

መሪጌታ ቃል በቃል ደገሙት። «ልክ ነው?» አሉ። «ልክ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ያ ቀን ሲረዝም! ልጅ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ አንድ አንድ እያለ ከቤቱ ጀርባ ይጠፋና ተመልሶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የሚመለሱትን ፊት ፊታቸውን አየሁ። ማን ወንድሜን ጠራ? ያቺ ያቀረቀረችው? ያ የሚስቀው? ሁሉንም ጠረጠርሁ። ከበስተኋላዬ የተሰለፈውን ወንድሜን ዞር ብዬ «መሪጌታን ምን ልበላቸው?» አልሁት። «ማለሽ ስትጠየቂ እውነቱን ተናገሪ፣ እታለም» አለኝ። እሱንም ጠረጠርሁት። ጫካውን አስቦ ቆርጧል ማለት ነው አልሁ።

ተራዬ ደረሰ። መሪጌታ እጄን ዳዊቱ ላይ አስደረጉና አስማሉኝ። ጥያቄውን ሳያቀጥኑ ሳያወፍሩ ጠየቁኝ። እኔ የተዘጋጀሁት «አላውቅም» ለማለት ነበር። ግን እንደማልሁ አሰብሁ። ዱላ ይዞ፣ መንገድ ላይ ልጅ እየጠበቀ፣ የሚያስፈራራ። ወንድሜ መቼ ልጅ ጠበቀ? ማን ጠብቆ ነው ዳቦዬን የበላብኝ? የእነሱ አለቃስ ማን ነው? ዱላውን ማን ሰጣቸው? እንደ ሒሳብ ጥያቄ ወለል ብሎ ታየኝ።

«ጌታዬ ዲሬክተሩ ናቸው» አልሁ።

መሪጌታ ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። «ሂጂ ልጄ» አሉኝ፤ ተነሥቼ ሄድሁ።

ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ወደ ሜዳው መጡ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ወፍ ተናግራለች» አሉ። «የኔ ፈቃድ አይደለም፤ የሰማሁትን ልናገር ምያለሁ። ሌላ ስም የጠሩ ጥቂት ናቸው፣ እነሱንም ዱላችሁን አስቀምጣችሁ ቅረቡ ብዬ ነው ያቀረብኋቸው። የቀረችው ወፍ ሁሉ አንድ ሰው ነው የጠራችው። የቡድኑ አለቃ እኒህ ናቸው አለች» ብለው መቋሚያቸውን ወደ ዲሬክተሩ አቀኑ።

አንዲት ባልቴት ከመሐል ኪኪኪ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሜዳው በጩኸት ተደበላለቀ። ዲሬክተሩ «አድማ ነው! የተመከረበት ነው!» አለ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ያ አውጫጭኝ ይባል ያለው ሽማግሌ «ጥያቄው የማን ነበር? ልክ ነው ያልኸው አንተ አይደለህም? እኛ በዚህ ሕግ ስንት ሰው ስንከስ፣ ስናስር ኖረናል። ወፍ ከጠራችው ጠራችው ነው!» አለ። ወላጆች እየተነሡ ከባለዱላዎቹ እጅ ዱላውን ተቀበሉ። የመንግሥት ሰው ነውና ዲሬክተሩን ካስ ያለው የለም። ወንድሜን ይገረፍ ያለም ግን አልተገኘም።

መሪጌታን እስከ ዛሬ እጠረጥራቸዋለሁ። ያን ጥያቄ ሲያስደግማቸው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል ባይ ነኝ። «ልክ ነው?» ብለው በሰው ፊት ማስመስከራቸው ለምን ነበር? ድጓ የሚያውቅ ሰው ቃል አይስትም። ግን ጠይቄያቸው አላውቅም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። እየዘለልሁ፣ እያለቀስሁ ወንድሜ አንገት ላይ ተጠመጠምሁ። ተረፍሁ! እሱ ካለ እኔም አለሁ! አባቴ በሰዉ መሐል እየሰነጠቀ መጣና ሁለታችንንም ሳመን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወፏ ያለችው እውነት ነው ወይ?»

«እውነት ነው አባባ!»

«አንቺንም መትቶሻል?»

ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ስላመነን ደስ ብሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁት። የአለንጋው ሰንበር ከክንዴ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። አባቴ ክንዴን በሁለት እጁ ይዞ አየው። በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ መትቶኝ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንተ ተማር» አለው ወንድሜን። «ወንድ ነህ፣ ትችለዋለህ። አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«አባባ! እሱ እስካለ ትኖሪያለሽ አላሉኝም ወይ?»

«ብያለሁ። ያን ጊዜ የፈራሁት መንገዱን ነበር። ለካ መፍራት የነበረብኝ የምትገቢበትን ቤት ኖሯል። እኔ ያልመታኋትን ልጅ ሌላ ሰው አይመታትም።»

ወንድሜ ለመነው። አክስቴ ለመነችው። መሪጌታ እንኳ መጥተው «ዱላው እኮ ቀረ፣ ልጅቱን ይተዋት» አሉት። «የለም የኔታ፣ ስለ ነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። እውነት በመናገሬ ወንድሜ ዳነ፣ እኔ ወጣሁ። እየተነፋረቅሁ ተከተልሁት። መንገዱን ሁሉ ዕቃዬን እሱ ተሸከመልኝ፤ ደከመሽ ወይ እያለ በየዳገቱ አሳረፈኝ።

ለከርሞ በጥር ዳረኝ። ባሌ ሠርጉ ወር ሳይሞላው በእርጥብ ዱላ መታኝ። ወደ አባቴ ሰው ላክሁበት። «ባሏ ነው እንግዲህ፣ ትቻለው» ብሎ መልሶ ላከብኝ።